ጋሽ አያሌውና የወፎቹ ብርድ ልብስ

ጋሽ አያሌው አረፉ አሉኝ። የቱ አያሌው ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኩ። ባለፈው እሁድ እኮ በስልክ ስለ ዝናቡ ስናወራ ነበር።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ አያሌው ደብረ ማርቆስ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። እኔ ለማስተማር ተመድቤ ከሆሳዕና ስመጣ የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ነው። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው በየፊናቸው ናቸው። ግቢው ውስጥ የነበርነው እሳቸውና እኔ ብቻ።

ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ማንሳት ሲጀምር ፎቶ ቤቱ ጭር አለ። እሳቸው ካሜራቸውን አንጠልጥለው ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ እየወጡ ወፍ ማንሳት ያዙ። አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። አጥር ሥር ተቀምጠን አንዲት ቢጫ ወፍ ስንጠብቅ እግሬ ደነዘዘ። ጋሼ፣ ሰው ማንሳት አይሻልም ወይ አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሱ፣ «ስንቱን ሰው አነሳሁ ልጄ። ሁሉም ተነስቶ ሄደ» አሉኝ።

ይቺን ነገር ብዙ ጊዜ ይሏት ነበር። ሰው ይስቅላቸዋል። ያን ቀን እኔ አልሳቅኩም።

በኋላ የወፎቹን ፎቶ አዲስ አበባ ልከው ብርድ ልብስ ላይ አሳተሙ። ልስልስ ያለ፣ ፊት ላይ ሲያደርጉት እንቅልፍ የሚያመጣ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሰቀሉት። ገበያተኛው ገብቶ ይዳስስና አንበሳ ያለበት የለም ወይ፣ አበባ ያለበት የለም ወይ ይላል። እሳቸው ወፏ የት ዛፍ ላይ እንደነበረች ያስረዳሉ። ሰውየው ይወጣል።

ታይፎይድ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ ቢጫዋ ወፍ ያለችበትን ብርድ ልብስ ከግድግዳው አውርደው አመጡልኝ። አለበሱኝና በሩ ጋ በርጩማ ስበው ቁጭ አሉ። እናቴ ሩቅ ናት። ያን ቀን በዚህ አገር ሰው እንዳለኝ አወቅኩ።

ወደ ደብረ ወርቅ ስዛወርም ብርድ ልብሱን አስያዙኝ።

ዛሬ በሚኒባስ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ድንኳኑ ውስጥ አንዱ ሰርጌን ያነሱት እሳቸው ናቸው ይላል፣ ሌላዋ የልጆቼን ክርስትና ትላለች። የራሳቸው ፎቶ ግን ከመታወቂያቸው በቀር ተፈልጎ ጠፋ። ከፍኖተ ሰላም የመጣችው ልጃቸው ምናልባት ስልክሽ ላይ ይኖራል ወይ አለችኝ።

ያለኝ ይሄ አብሬ የለጠፍኩት ፎቶ ነው። ብርድ ልብሱን ለገዢ ዘርግተው ሲያሳዩ ያነሳኋቸው። ወፏ ሙሉ ትታያለች። እሳቸው ከላይ ጣታቸው ብቻ፣ ከታች ጫማቸው። ልጅቷ ጣቶቹን አጉልታ ብዙ አየቻቸው።

«አባዬ ነው» አለች።

ጋሼ፣ ለቀስተኞቹ ምናቸው ነሽ አሉኝ። ተከራያቸው ነበርኩ አልኩ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ደህና ይሁኑ።