አውራ ዶሮው ያልተሰማበት ጠዋት

የሬዲዮ ጣቢያውን የጠዋት አቅራቢ አድማጮቹ «አውራ ዶሮው» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳያዛንፍ፣ ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን «ነግቷል፣ ተነሱ!» ይላል። ከተማው እየሳቀም እየተራገመም ይነሳል። ቤት ያሉት ዓይነ ስውር እናቱ ደግሞ ያኔ የልብ መድኃኒታቸውን ይውጣሉ። ሰዓት አያዩም፣ ጎረቤት ማስቸገርም አይሆንላቸውም፤ የሚያምኑት የልጃቸውን ድምፅ ብቻ ነው።

ሰውዬው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አያደርግም። «የገዛ ድምፄን ስሰማ ግራ ይገባኛል» ይላል። ግትርነቱ ለጉድ ስለሆነ ሁሉም ትተውታል።

ያን ሰኞም እንደ ልማዱ ከተማውን ቀሰቀሰ፣ የአየሩን ጠባይ ተናገረ፣ የጠፋ ቦርሳ አፋለገ፣ በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ቴክኒሻኑ ሻዩን ይዞ ከላይኛው ፎቅ ወረደና ስቱዲዮው በር ላይ ደርቆ ቀረ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? ሥራዬን ነዋ!»

«ጠዋቱን እኮ ከዛሬ ጀምሮ ከዋናው ከተማ የሚመጣውን ፕሮግራም ነው የምናስተላልፈው፤ ለየጣቢያው የሚሸጠውን። አለቃችን አልነገሩዎትም?»

«ማን? እሱ? ትንፍሽ አላለም!»

«ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ እሳቸው ነግረውዎታል ብዬ… እሳቸውም እኔን አምነው ይሆናል።»

አቅራቢው ማዳመጫውን አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ። አንድ የማያውቀው ጎረምሳ ስለ ባሕር ማዶ ኳስ ይለፈልፋል። ክው አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለግድግዳ ሲያወራ ኖሯል! እንዲህ ያለ ውርደት በሕልሙም አስቦት አያውቅም። ወዲያው እናቱ ትዝ ሲሉት ግን ውርደቱም ጠፋው። ኮቱን እንኳ ሳያነሳ እግሬ አውጪኝ አለ።

በሩን በርግዶ ሲገባ እናቱ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሬዲዮው አጠገባቸው ይጮኻል። ውኃው ከነብርጭቆው አልተነካም፤ ክኒኑ በላብ ሟሙቶ መዳፋቸውን አንጥቶታል።

«እማዬ! ለምን አልዋጥሽውም?»

ደንግጠው ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ውይ ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ምን አመጣህ? ገና አልነጋም እኮ!»