የሰዓት ሠሪው ግምት

ሰፈሩ «ባለ አጉሊው» ይለዋል። ዕድሜ ልኩን ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ገንዘብ ማየት የሚሰለቸው ይመስላል፤ እሱ ግን ባሰበት። ከገበያ የወጡ የብሔራዊ ባንክ ኖቶችን እየለቀመ ፊርማና ተራ ቁጥራቸውን በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ይውላል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ ምንም የማይገዛ ገንዘብ የሚወድ ባል ጣለብኝ እያለች ትስቅበት ነበር።

የዚህ አመል ተጋሪው የልብ ጓደኛው ሰዓት ሠሪው ነው። ሁለቱ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ማንም የራሱን ኖት አይተምንም። ዓይን ለራሱ ያደላል ብለው የአንዱን ሌላው ይተምናል፣ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ባለ አጉሊው የባንኩ የመጀመሪያ ገዥ የፈረመበትን አንድ ኖት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ነበር። ተሽጦ ለአንዲት ልጁ የስፌት ቤት መክፈቻ እንዲሆናት አስቦ እንዲተምንለት ለሰዓት ሠሪው ሰጠው። ሰዓት ሠሪው ኖቱን ወደ መብራቱ አዘንብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። በካውያ ተተኩሷል፣ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ የሚዳሰሰው ቀለም ተደፍጥጧል፣ ኖት ሰብሳቢ ዞር ብሎም አያየው አለ። ለማስታወሻ ያህል እኔ ልያዘው ብሎ በሁለት ተራ ኖቶች ለወጠው።

ካውያ ሲባል የአባት ሐሳብ በቀጥታ ወደ ልጁ ሄደ። ልብስ ሰፊ ናት፣ ካውያ ከእጇ አይለይም። ላስደስተው ብላ የተጨማደደውን ኖት አቃንታው ይሆናል አለ፤ ነገሩን የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። አልነካሁም ብላ ምላ ተገዘተች። አልሰማትም። ዕድልሽን በገዛ እጅሽ አቃጠልሽው አላት። በማግስቱ የስፌት መኪናዋን ይዛ ከቤት ወጣች።

ዓመት ሳይሞላ በሰብሳቢዎች ዐውደ ርዕይ ላይ ኖቱን በመስታወት ውስጥ አገኘው፤ ጥጉ ላይ የሚያውቃት የስፒል ቀዳዳ እንኳ አልጠፋችም። ከሥሩ «ካውያ ያልነካው» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቱን ከማን እንደገዛው ቢጠይቀው የሰዓት ሠሪውን ሱቅ ነገረው። ተከድቷል፤ ሌላ ስም የለውም።

ደሙ ፈልቶ ሱቁ ሲደርስ ያ ዓይን አውጣ ከሥራው ቀና እንኳ አላለም።

«ቀለሙን በጣትህ ትዳስሰው የለም እንዴ? ለምን አመንከኝ?» አለው።

ነገሩ እውነት ስለሆነ ይበልጥ አንገበገበው። ጣቱ ያውቅ ነበር። ጣቱን ትቶ ጓደኛውን አመነ።

ከዚያ እግሩን እየጎተተ ልጁ ወደተከራየችው ክፍል ሄደ። ደጃፉ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገራት፣ ይቅር በይኝ አላት። መኪናዋን አቆመች።

«ኖቱስ ይቅር፤ እኔ እኮ አልነካሁም ብዬህ ነበር፣ አባዬ» አለች። «እኔን ለማመን የግድ የእሱን ሌብነት ማየት ነበረብህ?»