ምሳ ዕቃው የተቀመጠበት ቆርቆሮ

ጋራዡ ውስጥ አባቷን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ቀብቶ የጨረሰው መኪና ፊት ስለሚያሳይ «መስታወት» አሉት፤ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ «ጋሽ መስታወት» ሆነ። ቀይና አረንጓዴ እንደማይለይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ፣ ሚስቱ፣ ሞታለች። የቀረችው ልጁ ናት።

ከፋብሪካ እንደመጣ የሚቀባ ቀለም አያስቸግረውም። ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፣ አንብቦ ይቀባል። ጭንቁ የሚመጣው ፀሐይ ያገረጣው መኪና ተጋጭቶ ሲገባ ነው። አዲሱ በር ከቀረው የመኪናው አካል ጋር እንዲመሳሰል ቀለም ከቀለም እየቀላቀሉ፣ ትንሽ እየጨመሩ ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሥራ ባለ ቀን ልጁ ምሳ ይዛ ትመጣለች። ድብልቁን ሰረቅ አድርጋ ታይና ምሳ ዕቃውን የጎደለው ቀለም ቆርቆሮ ላይ ታስቀምጠዋለች። እሱ ከዚያ ይጨምራል። ልክ ሲመጣ ምሳ ዕቃውን አንስታ አግዳሚው ወንበር ላይ ታኖረዋለች፤ ያኔ እጁን ታጥቦ ይበላል። እናቷም እንዲሁ ስታደርግ ነው የኖረችው።

«አንቺ ልጅ፣» ይላታል በያጁ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ «ቤታችሁ ጠረጴዛ የለም እንዴ? ሁልጊዜ ቆርቆሮ ላይ።»

«ቀለም ቀለም ካልሸተተው አይበላልኝም፣ ምን ላድርግ» ትለዋለች። በያጁ ይስቃል። አባቷም ይስቃል።

ሌላ ከተማ ያለ የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። ባለፈው ዓመትም ተቀብሏት ነበር፤ አሞኛል ብላ ቀረች። ዘንድሮ ከቀረች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጡ ነግረዋታል። ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ ነው።

«ለጋራዡ ባለቤት ንገረው፣ አባዬ። ሌላ ሥራ ይሰጥህ ይሆናል።»

«ምን ብዬ? ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ቀለም ግን አላይም?» ብሎ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትሄጃለሽ እናቴ፣ ማን ያዘሽ። ይህችን ዓመት ብቻ ታገሺኝ።»

ባለፈው ዓመትም ያለው ይህንኑ ነበር።

ቀለም አለመለየት ከአባት ወደ ሴት ልጅ ተደብቆ እንደሚያልፍና ከእሷ ለወንድ ልጇ ሊወጣ እንደሚችል በባዮሎጂ መጽሐፏ አንብባለች። ያን ገጽ ካነበበች ወዲህ አንድ ሐሳብ አልለቅ አላት፦ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ፣ የልጇን ሥራ ቦታ በር ስታንኳኳ።

ሐሙስ ዕለት ጥቁር አረንጓዴ መኪና ገባ። የግራ በሩ ተቀይሯል። ምሳ ይዛ ስትደርስ አባቷ ድብልቁን በእንጨት እያማሰለ ነበር። ቢጫ ጎድሎታል። ይህን ለማወቅ አንድ እይታ በቃት። ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ምሳ ዕቃውን ቀዩ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጠች።

አባቷ የቆርቆሮውን ጽሑፍ አነበበ። ቀና ብሎም አያት። እሷ የሻርፗን ጫፍ ታስተካክል ነበር። ጨመረ፣ አማሰለ፣ ጠበቀ። ምሳ ዕቃው ከቦታው አልተነሳም። እንደገና ጨመረ። ያኔ አንስታ አግዳሚው ላይ አኖረችለት፤ በልቶ እስኪጨርስም ከጎኑ ተቀመጠች።

በማግስቱም ምሳ ይዛ ስትመጣ የተቀባውን መኪና ገፍተው ፀሐይ ላይ አወጡት። መጀመሪያ ያየው በያጁ ነው።

«ጋሽ መስታወት፣ ይሄን በር ደግሞ ከማን መኪና ተዋስከው?»

አባቷ ሳቀ። ያሞገሰው መስሎት ደረቱን ነፋ አድርጎ በሩን በጨርቅ ወለወለው። በያጁ ግን ሳቁን ቶሎ ዋጠ። ባለመኪናው «ዝጓል እንዴ?» ብሎ ጣቱን በበሩ ላይ አሳለፈ። ሌሎቹ አንድ በአንድ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ተጠጉ።

የጋራዡ ባለቤት አልጮኸም። ቡናማውን በር አየ፣ አረንጓዴውን መኪና አየ፣ ከዚያ የአባቷን ፊት አየ። ግድግዳው ላይ ከአንድ ምስማር ሁለት ጨርቆች ተንጠልጥለዋል።

«ቀዩን ጨርቅ አቀብለኝ እስቲ።»

አባቷ ወደ ልጁ ዞረ። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ፊት እንዲህ ዓይኗን አይቶ አያውቅም። ምሳ ዕቃውን ታቅፋ ከጋራዡ በር አጠገብ ቆማለች። መሬት መሬት አየች።

አረንጓዴውን አነሳ።

«የጉድ አገር» አለ አንዱ ከኋላ፤ የሳቀ አልነበረም። ባለቤቱ ጨርቁን ከእጁ ተቀበለው። «ለስንት ዓመት ልፋትህ ስል አላባርርህም» አለው። «ከሰኞ ጀምሮ ብርጭቆ ወረቀት ይዘህ የመኪና አካል ትፈገፍጋለህ። እሱ ዓይን አይፈልግም። ክፍያውም የዚያው ነው።»

ራት ላይ አባቷ ወጡን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ከዚያ ሕፃን ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ ቃል እየመረጠ፣ «ትናንት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ትንሽ ቀይ ጨምሬበት ነበር» አለ። «እሱ ነው ያበላሸው።»

ምሳ ዕቃው አግዳሚው ላይ ካረፈ በኋላ ድብልቁን ነክቶ እንደማያውቅ ሁለቱም ያውቃሉ። እውነቱን ብትናገር ሰኞ እግሯ እንደማይነሳ ገባት፤ እሱም ይህ ገብቶት እንደሆነ ፊቱን ለማየት አልደፈረችም።

«ይሆናል፣ አባዬ» አለች።

«ነው እንጂ» አለና ከአልጋው ሥር ሻንጣዋን ጎትቶ አወጣ። እጀታው ተገንጥሎ ነበር። ሽቦ ፈልጎ፣ ጫፉ እጇን እንዳይወጋት ወደ ውስጥ አጥፎ አሰረላት።

ሰኞ መናኸሪያ ድረስ አልሸኛትም፤ የሥራ ሰዓቱ ነበር። ደጃፉ ላይ ጉንጮቿን ሳማትና ቀድሟት ወጣ።