እንድሪስና የሆዱ ሕዝብ

እንድሪስ ሙሀመድኑር ከሚሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሰገራ መርምሯል። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ከሰንበቴ ገበያ መልስ ሆዱን የቆረጠው ነጋዴ፣ ሁሉም ብልቃጡን ይዞለት ይመጣል። እሱም ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ አሜባና ጃርዲያ ይፈልጋል። ካገኘ ይጽፋል፤ ካጣ «ምንም የለም» ብሎ ስላይዱን ያጥባል። በዙሪያው የሚርመሰመሰው ደቃቅ ነገር በሱ ዘንድ ጉድፍ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ግን ራሱ ታማሚ ሆነ። ሆዱ ገፍቶ ቀበቶ እምቢ አለው፤ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሲመረመር ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ የደሙ ስብም አንድ ላይ ከፍ ብለው ተገኙ። መድኃኒት ጀመረ። ለስላሳና ጮማ እርግፍ አድርጎ ትቶ ቁርሱንም እራቱንም በደረቅ ዳቦ ተወሰነ። ስኳሩ ግን አልወርድ አለ።

«ተደብቀህ ትበላለህ» ትለዋለች ሚስቱ ረቢአ።

«ወላሂ አልበላሁም!»

አታምነውም። እሱም መማል ሰለቸው።

በዓመቱ ሰልማ የምትባል ባቲ የተወለደች ተመራማሪ ለጥናት መጣች። ከባልና ሚስት ሰገራ እንደምትሰበስብ ስትነግረው እንድሪስ ሳቀ።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶ ነው ለሰገራ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?»

«ጋሼ እንድሪስ፣ ጉዳዩ ያለው እርስዎ አጥበው በሚደፉት ላይ ነው» አለችው። «በአንድ ሰው ሆድ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከገላው ሕዋሳት በቁጥር አያንሱም። የአንዱ ሰው ከሌላው አይገጥምም፤ እንደ አሻራ ነው። የምንበላውን አብረውን ነው የሚፈጩት።»

እንድሪስና ረቢአ ተመዘገቡ። አንድ ማለዳ ሰልማ በባዶ ሆዳቸው አስቀምጣ እኩል የተመዘነ ዳቦ አበላቻቸውና በየግማሽ ሰዓቱ ጣታቸውን እየወጋች ለካች። የረቢአ ስኳር እምብዛም አልተነቃነቀም። የእንድሪስ ከመቶ ሰባ ተነስቶ ሁለት መቶ አርባ ሰባት ገባ። በማግስቱ የማሽላ ገንፎ ሰጠቻቸው። አሁን ደግሞ የረቢአ አሻቀበ፤ የሱ ረጋ ብሎ ዋለ።

ረቢአ መለኪያውን ተቀብላ ደጋግማ አየችው። «ሱብሃነላህ! ሠላሳ ዓመት ከአንድ ትሪ እየበላን?» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «እንድሬ፣ አፉ በለኝ። በከንቱ ወነጀልኩህ።»

እንድሪስ መለኪያውን ከእጇ ተቀብሎ ራሱም አየው።

የሰገራው ውጤት ከሰባት ወር በኋላ መጣ። በሱ ሆድ ያሉት የባክቴሪያ ዓይነቶች በረቢአ ሆድ ካሉት በቁጥር በጣም ያነሱ ነበሩ። ሰልማ ለሱ ሆድ ብቻ የሚሆን የምግብ ዝርዝር ጻፈችለት፤ ዳቦው ወጥቶ ማሽላ፣ ሽምብራና ጎመን ገቡ።

«ወደፊት ለየሰዉ የጎደለውን ባክቴሪያ መርጦ በእንክብል መስጠት ይቻል ይሆናል» አለችው። «ገና እየተጠና ነው።»

«እንግዲያ መድኃኒቴን ልተወው?»

«በፍጹም! እሱ ይቀጥላል።»

በአራት ወሩ የጠዋት ስኳሩ ወደ መቶ ሃያ ስምንት ወረደ፤ ወገቡም ሦስት ጣት ያህል ቀነሰ። ግፊቱ ግን ፈቅ አላለም። «ባክቴሪያዎቹ ናቸው እንዳልል ዳቦውንም ትተዋል፣ መድኃኒትም ይወስዳሉ። አላውቅም» አለች ሰልማ። እንድሪስ ይህን መልሷን ወደደው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየውን «የለም» ሲል ኖሯል፤ ይቺ የተማረች ልጅ ደግሞ ያየችውን እንኳ ትጠራጠራለች።

ለሁለተኛው ናሙና በተጠራ ቀን ከሰገራው ጥቂቱን በስላይድ ቀብቶ፣ ቀለም ውስጥ ነክሮ ማይክሮስኮፑ ስር አኖረው። ሐምራዊ ዶቃ፣ ቀይ ዘንግ፣ የተቀጣጠለ፣ የተበተነ፣ ዳር የሌለው። ሲያይ ቆየና ረቢአን ጠራት። ላቦራቶሪው ውስጥ ገብታ አታውቅም።

አጎንብሳ አየች።

«እነዚህ ሁሉ ካንተ ጋር ነው የሚበሉት?»

«ከኔ ጋር።»

«እና ቢስሚላህ ስትል ለነሱም ጭምር ነዋ!»

እንድሪስ ሳቀ። ረቢአ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗንም ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም።