የእትዬ ዘነበች ስላይድ

ባለፈው ሰኞ አንዲት የማላውቃት ልጅ ደወለችልኝ። የእትዬ ዘነበች የልጅ ልጅ ነኝ አለች። ቤታቸው ሲቃጠል የአያቷ ፎቶ ሁሉ አብሮ ነዷል፤ «እርስዎ ጋ አንድ አለ ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ። እርስዎ! ለካ አርጅቻለሁ። ስልኩን ዘግቼ ስቀመጥ አፍንጫዬን በላኝ።

ያኔ የማታ ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ ቀን ቀን በርበሬ በረንዳ ጥግ፣ በጋሼ ሸምሱ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። እትዬ ዘነበች ፊት ለፊታችን በርበሬ ይሸጡ ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ ስለ እሳቸው ገበያ ነው፤ ስላይዱን ሠርቼ በኮሌጁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ እጭነዋለሁ፣ መምህሩም ተማሪውም ካለበት ሆኖ ያየዋል። እትዬ ዘነበች ካሜራ ፊታቸው አያስደርሱም። እንዴት እንደለመንኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው! በመጨረሻ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንድ እፍኝ ዛላ ይዘው ቆሙልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ካሳየሽኝ አይቀር ደህና አድርገሽ አሳዪኝ። እንደ መታወቂያ ፎቶ እንዳታሳንሺኝ።»

«እርስዎን ማን ያሳንሳል እትዬ!»

ስላይዱ በሚገባበት ዕለት ጠዋት እትዬ ዘነበች አልተነሱም። በተኙበት አርፈው ተገኙ። በእኛ ተራ ሰው ሲሞት፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይባል ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። ቀብር ሳያልቅ ከፍቶ የተገኘ እንኳን ገበያ ሰላምታም አያገኝም። ስላይዴ ያለው ደግሞ በጋሼ ሸምሱ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ ማስገቢያው እስከ አስራ አንድ ሰዓት። ካለፈ ምርቃት የለም።

ጋሼ ሸምሱ ፊቴን አይተው አንጀታቸው አልቻለም።

«ግቢ። ከውጭ ቆልፌብሽ እሄዳለሁ። አንቺ እዚህ የለሽም፣ ገባሽ? ብቻ እንዳታስነጥሺ!»

በርበሬ በረንዳ ተቀምጦ አለማስነጠስ! የቆርቆሮው በር ወረደ፤ ቁልፉ ቀጭ አለ። ሚያዝያ ነበር፤ ሙቀቱ ያፍናል፣ ከጎን ካለው መጋዘን የበርበሬው ብናኝ በስንጥቁ ይገባል። የነጠላዬን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ ይዤ ፋይሉን ላክሁ። አልሄድ አለ። ከብዷል፤ ገጹ አልቀበልም ይላል።

ውጭ ለቅሶው ተነሣ። አስከሬኑ ወደ ራጉኤል የሚሄደው በእኛ በር ነበር። የምወዳቸው ሴትዮ በክንድ ርቀት ሲያልፉ፣ እኔ እንደ ሌባ ጨለማ ውስጥ ተወሽቄ፣ ወጥቼ አላለቅስ፣ ጮኼ አልጠራቸው። እስክሪኑ ላይ ደግሞ ዛላቸውን ይዘው ያዩኛል። ከፋይሉ ሁሉ የከበደችው ያቺ ፎቶ ናት። እሷን ባሳንስ ባንዴ ይሄድ ነበር።

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ። የሚዛኑን ፎቶ አጠፋሁ፤ የጭነት መኪኖቹን አጠፋሁ፤ ስንት የለፋሁበትን ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ሳይቀር አጠፋሁ። እሳቸውን አልነካሁም። ፊደሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዳይበላሽብኝ ፒዲኤፍ አደረግኩትና እንደገና ላክሁ። የመጫኛው መስመር እየተንፏቀቀ ይሞላል፤ ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ይኼኔ መጣብኝ። እንዴት ያለ ማስነጠስ! ቆርቆሮው ራሱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

ውጭ ኮቴ ቆመ። የተራው ዘበኛ ናቸው፤ በመካከላችን ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። አለቀ፣ ጋሼ ሸምሱን አዋረድኳቸው አልኩ። ዘበኛው ዝቅ ባለ ድምፅ «ይማርሽ» አሉና ኮቴያቸው ራቀ። ቀና ስል ፋይሉ ገብቷል። ያኔ ነው ነጠላዬን ነክሼ ያለቀስኩት። ጋሼ ሸምሱ ከቀብር ተመልሰው ሲከፍቱልኝ ዓይኔ በርበሬ መስሏል።

መምህሩ «ሠንጠረዥ የለውም» ብሎ ነጥብ ቀነሰብኝ፤ ተመረቅኩ ግን። ፋይሉ ዛሬም እዚያው ገጽ ላይ አለ ብል ማን ያምነኛል? አውርጄ ለልጅቷ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ፊታቸውን አቅርቤ ሳየው ቅንድባቸው ላይ የበርበሬ ብናኝ አለ።»

«ሁልጊዜም ነበረ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ቀብራቸው ላይ ባለመቆሜ ስንት ዓመት ቆጭቶኛል። አሁን ሳስበው ግን፣ ያን ቀን ከተራው ሰው ሁሉ ፊታቸውን እያየሁ የሸኘኋቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።