በሁለት ጾም መካከል የድብ ሥጋ

ድብ አይቼ አላውቅም። ደሴ ውስጥ ድብ ያየ ሰው አለ ቢሉኝም አላምንም። ሆኖም ዐቢይ ጾምና ረመዳን በገጠሙበት ሰሞን፣ የድብ ሥጋ መበላት አለበት ብዬ ሕዝብ ፊት ቆሜ ተከራክሬአለሁ።

ነገሩ የመጣው ከእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ነው። በረዶ አገር ያሉ ሰዎች ድብ ስለሚያድኑበት ምክንያት የሚያወራ ምንባብ ነበረው። አንዱ ይገድልና ቆዳውን ሳሎኑ ውስጥ ያነጥፈዋል። ሌላው ይገድልና ሥጋውን ለብርዱ ወራት ያስቀምጠዋል። መምህራችን ምንባቡን ከመውደዱ የተነሳ ከኮምቦልቻ ተማሪዎች ጋር ለምናደርገው የአማርኛ ክርክር ርዕስ አደረገው። ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈው፦ «ድብ ማደን የሚገባው ለግዳይ ነው ወይስ ለምግብ?»

እኔ ቅዳሜና እሁድ የምማር ትልቅ ሰው ነኝ። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲያስመርቁ ነው። በሌላው ቀን ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ክር፣ ዚፕና ቁልፍ እሸጣለሁ። ባለ ሁለት ዐይን ቁልፍ ከባለ አራት ዐይን ጋር ተደባልቆ ካየሁ ሳልለየው አላድርም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ከመደቡ ሥር መጽሐፌን አወጣለሁ፤ ደንበኞቼም ለምደውኛል፣ «ዛሬስ የት ደረስሽ?» እያሉ ነው ክር የሚገዙኝ።

ችግሬ አንድ ነው። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። በጽሑፍ ከሆነ የሚቀድመኝ የለም፤ «ተነሽና ተናገሪ» ከተባልኩ ግን ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። መምህሩ ደግሞ በዚያ ዓመት አላስቀምጥ አለኝ። «የቃል ውጤት የሌለው ተማሪ አያልፍም፤ አንቺ ደግሞ እስካሁን ባዶ ነሽ» አለኝ። የቀረኝ ዕድል ይህ ክርክር ብቻ ነበር። ወይ ኮምቦልቻ ወርጄ እናገራለሁ፣ ወይ ክፍሉን እደግማለሁ። በእኔ ዕድሜ ክፍል መድገም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው በእኔ ዕድሜ የሚማር ሰው ነው።

ርዕሱ ገና ሲጻፍ አልጣመኝም። አጠገቤ የምትቀመጠውን ጓደኛዬን በክርኔ ነካኋት።

«ጨርሶ አለማደንስ አይቻልም ወይ ብለሽ ጠይቂው።»

«አንቺ ራስሽ ጠይቂው! አፍ የለሽም?» አለችኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ።

መምህሩ ሰማ። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ ሲያከብረኝ «እትዬ» ይለኛል፣ ሲቀልድብኝም «እትዬ» ይለኛል። «እሱ ዕጣው ውስጥ የለም እትዬ» አለና የተጠቀለሉትን ወረቀቶች አቀረበልን። ጓደኛዬ «ቢስሚላህ» ብላ አነሳች። ለምግብ የሚለው ደረሰን።

ጓደኛዬ ከደሴ ዙሪያ ድንች እያመጣች የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ናት። አብረን መማር ከጀመርን ወዲህ ምሳችንን አብረን ነው የምንበላው። ሥጋ እንዳይለየን ብለን ሁለታችንም ሽሮ ወይም ምስር እንይዛለን። ይህን ተቀምጠን ተነጋግረን የወሰንነው ነገር አይደለም፤ እንዲሁ ሆነ። አሁን ግን በአንድ ላይ ስለ ሥጋ መናገር ግድ ሆነብን።

«ለመሆኑ ድብ ለእናንተ ይበላል?» አለችኝ።

«ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ! እንዴት ብሎ ይበላል? ለእናንተስ?»

«ክራንቻ ያለው አውሬ አይደል? ሐራም ነው እንጂ! ወላሂ እኔ ሳስበውም ያጥወለውለኛል።»

ተያየንና ሳቅን። በሥጋ ነገር ስንስማማ ያ የመጀመሪያችን ነበር። የተስማማነው ግን ልንሟገትለት ዕጣ የወጣብን ነገር የማይበላ መሆኑን ነው። ያም ሆኖ እሷ ስለ ረኀብ፣ እኔ ደግሞ ስለ ሥጋው ጥቅም ልንናገር ተከፋፈልን። እኔ ከመጽሐፍ ስብ፣ ጉልበትና ሙቀት እያልኩ ጥሩ አድርጌ ጻፍኩ። እየሰረዝኩ ደግሜ ጻፍኩ። ጽሑፉ ባማረ ቁጥር እሱን ቆሜ መናገሬ የማይቀር መሆኑ ትዝ ይለኝ ነበር።

ከዘመዶቼ አደን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእናቴ ወንድም፣ ገራዶ ያለው አጎቴ። ከበሩ በላይ የአጋዘን ቀንድ ሰቅሏል፤ ዛሬ ባርኔጣውን የሚያንጠለጥልበት እሱ ላይ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ያንን አጋዘን ለምን ነበር የገደሉት?»

«ለምን ገደሉት ይባላል እንዴ? አጋዘን ነዋ!»

«ለቀንዱ ነው ለሥጋው ማለቴ ነው።»

«ለሆዱ የሚያድንማ ድመት ነው። ወንድ የሚያድነው ለስሙ ነው። ያኔ ክልክል አልነበረም፣ ገዳይ ሲገባ እልል ይባልለት ነበር።»

«ሥጋውንስ ማን በላው?»

ትንሽ ተነፋ፣ ወንበሩንም ወደ ፀሐይ አዞረ። «ሥጋውንማ ያ የቆላው ጓደኛዬ ወሰደው። ተኩሼ ጣልኩት፤ ነፍሱ ግን አልወጣችም ነበር። ያ ሰው እግሩ ቀላል ነው፣ ቀድሞኝ ሮጦ ደረሰና ቢስሚላህ ብሎ ባረከው። እሱ ከባረከው እንግዲህ የእስላም ሥጋ ሆነ፤ እኔ ምኑን ልብላ? ቀንዱ ለተኳሽ፣ ሥጋው ለባራኪ፤ የእኛ ልማድ ይኸው ነበር። እሱ በቋንጣው ከረመበት፣ እኔም ይኸው ቀንዱን ሳይ እኖራለሁ።»

«ታዲያ አይቆጭዎትም?»

«ምኑ ይቆጨኛል? ቀንዱ እዚህ አይደለም እንዴ?» አለና ጠረጠረኝ። «ቆይ፣ አንቺ የምትከራከሪው ለየትኛው ነው?»

«ለምግብ።»

«ኤዲያ! እኔ መጥቼ ለእነዚያኞቹ ነው የማጨበጭበው።»

እውነቱን ነበር። በክርክሩ ቀን ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን መንገድ ቁልቁል ስንወርድ ከኋላችን ወንበር ተቀምጦ ነበር። ደሴ ጉም ለብሳ ነው የለቀቅናት፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አዳራሹ ውስጥ እኛ ሹራባችንን የት እንደምናደርገው ስንቸገር የኮምቦልቻ ልጆች «ደሴዎች ፍራሻችሁንም ይዛችሁ ነው የመጣችሁት?» እያሉ ሳቁብን። አጎቴ ከእነሱ ጋር የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የኮምቦልቻው ተከራካሪ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ድምፁ ማይክራፎን የማይፈልግ ሰው ነበር። «በዚህ የሁለት ጾም ቀን ስለ ሥጋ ሊያወሩ የመጡ እህቶቻችንን እግዚአብሔርም አላህም ይቅር ይበላቸው» ብሎ ጀመረ። አዳራሹ በአንድ እግሩ ቆመ። ሥጋ ይበላና ይረሳል፣ ግዳይ ግን ለልጅ ልጅ ይቀራል አለ። አጎቴ አጨበጨበ። ጓደኛዬ ተነሳች፤ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ስለ ረኀብ ጥሩ ተናገረች፤ ከደረቀ ጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ ራሱ ክርክር ነበር። ሰውየው ግን ጥያቄ የመጠየቅ መብቱን ተጠቀመ።

«እህቴ፣ አሁን መግሪብ ሲል ድብ ቢቀርብልሽ ታፈጥሪበታለሽ?»

«አስተግፊሩላህ!» አለች ጓደኛዬ፣ ሳታስበው።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «እትዬስ? ለፋሲካ?»

በእምቢታ ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

«ክቡራን ዳኞች» አለ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ «ለምግብ ይታደን የሚሉት ራሳቸው አይበሉትም። ስለዚህ ድብ ምግብ አይደለም። ጨርሻለሁ።»

የአጎቴ ጭብጨባ ከሁሉም በልጦ ተሰማኝ። ተራው የእኔ ነበር። ተነሳሁ። ወረቀቴን አየሁት፤ ስብ፣ ጉልበት፣ ሙቀት። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል? ምላሴ ቦታውን ያዘ። መምህራችን ከጥግ ሆኖ በዐይኑ «በይ» ይለኛል። ልቀመጥ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ግን የሰውየው አባባል እንደተደባለቀ ቁልፍ ከነከነኝ። አሳማኝ ቢመስልም ልክ አልነበረም፤ ልክ ያልሆነ ነገር በጭብጨባ ሲታለፍ ደግሞ አልችልም።

«አልበላም» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። «ድብ አልበላም። ስህተቱ ያለው ‹ስለዚህ› ካሉት በኋላ ነው።»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፈራሁ፣ ግን ዓረፍተ ነገሩ ተጀምሯል።

«እዚህ ካለነው ውስጥ ወሎ ሠርግ በልቶ የማያውቅ አለ? ሙስሊሙ ልጁን ሲድር ለክርስቲያን እንግዶቹ ሙክት ገዝቶ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ይሰጣል፣ እሱ ይባርከዋል። ክርስቲያኑም ሲድር እንደዚሁ ነው። ባለሠርጉ ያንን ሥጋ አይቀምሰውም። ግን ‹ምግብ አይደለም› ብሎ ያውቃል? እኔ የማልበላው ሁሉ ምግብ ካልሆነ፣ በዚህ አገር ማን ማንን ይጋብዛል?»

«እውነቷን ነው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሞቅ አለኝ።

«አንድ አጋዘን አውቃለሁ» ብዬ ቀጠልኩ። «ሁለት ሰው ነው ያደነው። ተኳሹ ክርስቲያን፣ ቀድሞ ደርሶ የባረከው ሙስሊም። ተኳሹ ቀንዱን ወሰደ፣ ባራኪው ሥጋውን። ታዲያ ያ አጋዘን የታደነው ለግዳይ ነው ለምግብ?»

«ለግዳይ ነዋ! የገደለው ተኳሹ ነው!» አለ ባለ ክራቫቱ።

«ቀድሞ የሮጠውስ ለምን ሮጠ?»

አጎቴ ከፊት ወንበር ተነሳ። ታዳሚ መናገር አይፈቀድለትም፤ አወያዩ «አባቴ ይቀመጡ» አለው። አጎቴን ግን ሰው አስቀምጦት አያውቅም።

«ለሥጋው ነው የሮጠው!» አለ። «ክፉ ዘመን ነበር፣ ቤቱ የሚላስ አልነበረም። ደግሞ ቀደመኝ የምለው ለወግ ነው። እኔ በዚያ ጊዜ ማንም አይቀድመኝም ነበር! ጫማዬን አስራለሁ ብዬ ጎንበስ አልኩለት።» ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ብዙ የተናገረ መሰለው። «ቀንዱ ግን የኔ ነው!» ብሎ ተቀመጠ።

ስንት ዘመን ስለዚያ አጋዘን ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ጎንበስ ማለቱን ግን ነግሮን አያውቅም። ባለ ክራቫቱ ሰው አጎቴን ዐይን ዐይኑን ያየዋል፤ ደጋፊው የነበረው ሽማግሌ በምን አፍታ እንዳመለጠው አልገባውም።

አወያዩ ብርጭቆውን በማንኪያ መታ። ሰዓቴ አልቋል ማለት ነው።

«አልጨረስኩም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት፤ የሰማሁትም እኔው ነኝ። ጓደኛዬ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ተቀመጪ፣ ነጥብ ይቀነስብናል!» አለች በሹክሹክታ። አወያዩ ደግሞ መታ። እኔ ግን የጀመርኩትን ሐሳብ ሳልጨርስ አልቀመጥም ነበር። በበረዶ አገር ያለው ሰው ሥጋውን ከበላው ቆዳውን ቢያነጥፈው ማንም እንደማይከለክለው፣ ሥጋውን ጥሎ ቆዳውን ብቻ የሚወስደው ግን ቢያንስ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ማለት እንዳለበት፣ ለሚርበው ሰው እንዲቀድመው ዕድል መስጠት እንዳለበት አብራራሁ። ምሳሌ ጨመርኩ። ምሳሌውን ደግሞ አረምኩ። ብርጭቆው ስንጥቅ ሊል ነበር።

ተሸነፍን። ዳኞቹ በሐሳብ እንበልጥ እንደነበር፣ ሆኖም ከሰዓት ገደብ በላይ በመናገራችን ነጥብ እንደተቀነሰብን ተናገሩ። ባለ ክራቫቱ መጥቶ ጨበጠኝ። «ሰዓት ጠብቀሽ ቢሆን ዋንጫው የእናንተ ነበር» አለኝ፣ ከልቡ። መምህራችን ደግሞ ሰብሰብ ብለን ወደ ሚኒባሱ ስንሄድ ጠጋ አለኝ።

«እትዬ፣ የቃል ውጤትሽ ሞልቷል፣ አልፈሻል። ቡድኑን ግን ቀበርሽው።»

ሐረጎን ወጣን። ደሴ ጫፍ ላይ ብርዱ ሲቀበለን ጓደኛዬ ሹራቧን ደረበችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይህን ሁሉ ዓመት ‹ተናገሪ› ብለን የለመንንሽ እኛ ነን ጥፋተኞቹ» አለች።

«ያልተናገርኩት አንድ ሐሳብ ነበር እኮ» አልኳት።

«እሱንም ተናግረሽዋል!»

አልተናገርኩትም ነበር። አዛን እስኪል ጊዜ ስለነበረን እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ነገርኳት።