በእኔ ስክሪን ላይ ያልነበረው ዛፍ

ከሰው ጋር አንድ ቦታ ቆማችሁ፣ እሱ የሚያየው ነገር ለእናንተ ሳይታያችሁ ቀርቶ ያውቃል? እኔ ላይ ደርሷል፤ የደረሰውም ኮምፒውተር ላይ ስጫወት ነው።

እናታችን ካረፈች በኋላ ታናሽ እህቴ ወደ ሥራዋ፣ ወደ ሐዋሳ ተመለሰች። እኔ አማኑኤል ሰፈር ባለው ቤታችን ሆኜ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ስደውልላት «ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋለች። የምታወራኝ እሑድ ከሰዓት በኢንተርኔት አብረን ስንጫወት ብቻ ነበር። እሷ የምትጫወተው በቢሮዋ ኮምፒውተር ነው፤ የሕንጻ ንድፍ ስለሚሠሩበት ጠንካራ ነው። የእኔ አሮጌ ነበር። ጨዋታው የተኩስ ቢሆንም መተኮሱን ሁለታችንም ትተነዋል። ማዳመጫችንን አድርገን በጨዋታው አገር ውስጥ ዝም ብለን እንሄዳለን።

አንድ እሑድ «ጋሼ፣ ኮረብታው ላይ ካለው ዛፍ ሥር እንቀመጥ» አለችኝ።

«የቱ ዛፍ?»

«ከፊትህ ያለው ነዋ!»

ከፊቴ ያለው ጉም ነበር። «አይታየኝም» አልኳት።

«አንተ ድሮም የሚታይህ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው። በቃ፣ ስታየው ጥራኝ» አለችና ከጨዋታው ወጣች። በሚቀጥለው እሑድ አልገባችም። ከዚያም በኋላ አልገባችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራፊክስ ካርድ ማለት ለኮምፒውተሩ ሥዕል የሚሥልለት ክፍል ነው። ካርዱ ደካማ ከሆነ ጨዋታው ቅርቡን ብቻ ይሥልና ሩቁን በጉም ይሸፍነዋል። ዛፉ ስለሌለ አይደለም፤ ካርዱ የሚሥልበት አቅም ስላጣ ነው።

መርካቶ ሄድኩ። ነጋዴው አንድ ያገለገለ ካርድ ሱቁ ውስጥ ካለው ማሽን ላይ ሰክቶ አሳየኝ።

«ይኸው ሥዕል አመጣ! ወላሂ ከዚህ በላይ ፈተና የለም።»

«ተማሪ ስሙን ስለጻፈ ብቻ ፈተናውን አለፈ ይባላል?»

«መምህር ነህ ለካ! እኔ እኮ ኮትህ ላይ ያለውን ዱቄት አይቼ ዳቦ ጋጋሪ መስለኸኝ ነበር።»

እየሳቀ ጨዋታ ከፈተልኝ፤ ካርዱ ሲግል፣ የሚያቀዘቅዘው ፋን ሲጮህ ቆሜ አየሁ። አለፈ። ገዝቼው ቤት ወስጄ ሰክቼ የሥዕሉን ጥራት ከፍ ሳደርገው ግን ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ካርዱን ፈትኜው ነበር፤ የእኔን ማሽን ግን አልፈተንኩትም። ጠንካራ ካርድ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ደካማ ከሆነ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ክረምት ስለነበር ማሽኑን እንዳለ በእናቴ ጋቢ ጠቅልዬ አቅፌው ወደ ነጋዴው ሄድኩ። ሸማ ተራ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የነበረ ተሸካሚ «ዞር በሉ! ሰውዬው በሽተኛ ይዟል!» ብሎ መንገድ አስለቀቀልኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ለመሳቅም ለመቆጣትም አላሰብኩም።

ነጋዴው ጋቢውን ሲገልጠው «መምህር፣ እንዲህ ያለ ጋቢ ለብረት ይለበሳል?» አለኝ።

«የእናቴ ነበር።»

«ነበር?»

ማሽኑን ወደ እሱ ገፋሁለት። እሱም ሌላ አልጠየቀኝም። ፓወር ሰፕላዩን ቀይሮ፣ በራሴ ማሽን ጨዋታውን አስከፍቶ እስኪበቃኝ አሠራው። ሲጨርስ ጋቢውን በሥርዓት አጥፎ፣ በላስቲክ ከትቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «አላህ ያጽናህ» አለኝ። ማሽኑን በካርቶን አሰረልኝ።

እሑድ እህቴን ጠራኋት። ገባች። ጥራቱን ከፍ አደረግኩት፤ ጉሙ ተገፈፈ።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ምን ይመስላል?»

«ዛፍ ነው። ግራር ይመስለኛል። ጥላ አለው።»

«አይ መምህር!» አለችና ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሥሩ ተቀመጥን። «ጋቢዋ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«ለማንም እንዳትሰጥብኝ። መጥቼ እወስደዋለሁ።»

መምጣቷ ደስ ሊያሰኘኝ እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ ጋቢው ግን ከእኔ ሊሄድ ነው። ቅጠሎቹ ሲወዛወዙ እያየሁ «እሺ» አልኳት።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ሩቅ ካለ ሰው ጋር የምትጫወቱ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ አብራችሁ ቁሙና ከፊቱ ምን እንደሚታየው ጠይቁት። የሚታያችሁን ግን ቀድማችሁ አትንገሩት።